ሉዊ ፓስተርና የአርቧ ተኩላ

አዲስ አበባ ውስጥ ጉለሌ አካባቢ ፓስተር የሚባል ሰፈር አለ። በዚያ የሚመላለሰው ሰው ስሙን በየቀኑ ይጠራዋል፤ የማን ስም እንደሆነ ቆም ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም። የወንጌል ሰባኪ ስም የሚመስለውም አይጠፋም። ነገሩ ወዲህ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት የፈረንሳዩ ፓስተር ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ እዚያ ሰፈር ይሠራ ነበር። ቅርንጫፉ ከጊዜ በኋላ ወደ አገራችን የጤና ምርምር ድርጅት ተለወጠ፤ ስሙ ግን በሰዉ አፍ ላይ ቀረ። ለብዙ ዓመታት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በበግ አንጎል እየተዘጋጀ ወደ ክፍለ ሀገሩ ይሄድ የነበረው ከዚያው ነው። እኛም በዚህ እትማችን የታላላቅ ሰዎች ሕይወት በሚለው ዓምድ ሥር የሰፈሩን ባለስም ልናስተዋውቃችሁ ተነሥተናል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሉዊ ፓስተር ዲሴምበር 27 ቀን 1822 ዡራ በሚባለው የፈረንሳይ ተራራማ አገር፣ ዶል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ዣን ዦዜፍ በናፖሌዎን ጦር ውስጥ ያገለገለ ወታደር ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ ቆዳ እየፋቀና እያለፋ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። ይህ ሙያ በእኛም አገር ስንት ዘመን በንቀት ሲታይ እንደኖረ እናውቃለን። ፓስተር ግን ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላም የአባቱን ሥራ ሸሽጎ አያውቅም። ቤተሰቡ አርቧ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተዛውሮ በወንዝ ዳር ቤት ያዘ፤ ልጁም ያደገው በዚያው በቆዳ ሽታ መካከል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። በ1831 መከር ወራት፣ ሉዊ ገና ስምንት ዓመቱ ሳለ፣ አንድ ያበደ ተኩላ ከዡራ ተራራ ወርዶ የአርቧንና የአካባቢዋን ሰው መንከስ ጀመረ። የዚያን ጊዜ የነበረው ሕክምና አንድ ብቻ ነው፤ የተነከሰውን ቦታ በጋለ ብረት መተኮስ። ብረቱ የሚግለው ደግሞ ከፓስተር ቤት ብዙም በማይርቅ የብረት ቀጥቃጭ ቤት ውስጥ ነበር። ሰዎቹ በሰው እጅ ተይዘው ሥጋቸው ሲቃጠልና ሲጮኹ ልጁ ያይ፣ ይሰማ ነበር። ከተነከሱትም መካከል ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በበሽታው የሞቱ ነበሩ። ተኩላው ዱር የሚኖር አውሬ ነው፤ በሽታውን ግን ከራሱ አላፈለቀውም። በሰው ደጅ የሚያድሩት ውሾችና በዱር ያሉት ተኩላዎችና ቀበሮዎች ይህን በሽታ ሲቀባበሉ ዘመናት አልፈዋል። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለስበታለን።

ትምህርት ላይ ፓስተር ገና ከጅምሩ ጎበዝ ነበር ብሎ የሚያወራ ካለ አትመኑት። በልጅነቱ ይበልጥ የሚወደው ሥዕል ነበር። የእናቱን፣ የአባቱንና የጎረቤቶቹን መልክ በቀለም የሣላቸው ሥዕሎች እስከ ዛሬ አሉ፤ አይቶ ለፈረደም ጥሩ ሠዓሊ ሊወጣው ይችል ነበር። በ1838 ለትምህርት ወደ ፓሪስ ቢላክ ናፍቆት ገደለው። የአባቱ የቆዳ ሽታ ሳይቀር ናፈቀው፤ ብዙም ሳይቆይ አባቱ ሄዶ ወደ አርቧ መለሰው። ከቤተሰብ ተለይተን እዚህ አዳሪ የሆንነው ሁላችን ይህን እናውቀዋለንና አንስቅበትም። በ1841 የሳይንስ ፈተና ወደቀ። በ1842 አለፈ፤ ግን በኬሚስትሪ ያገኘው ውጤት መካከለኛ ብቻ ነበር። ኬሚስትሪ! ያውም ፓስተር!

ከዚያም በፓሪስ ኤኮል ኖርማል ሱፐርየር የሚባለውን ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ተፈተነ። ይህ ትምህርት ቤት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የመምህራን ማሠልጠኛ ነው። የፈረንሳይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሪዎች እንዲወጡበት የተቋቋመ ነው። ፓስተር ማለፉን አልፎ ነበር፤ ደረጃው ግን ዝቅ ያለ ሆነበትና ቅር አለው። ታዲያ ምን አደረገ? አልገባም ብሎ አንድ ዓመት አጥንቶ እንደገና ተፈተነ፤ በ1843 በአራተኛነት ገባ። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ያገኘነውን የቅበላ ደብዳቤ መልሰን የምንፈተን? እኛ በበኩላችን ደብዳቤው ሲደርሰን ሻንጣ ለማሰር ነው የሮጥን። እንግዲህ የበሽታን ጀርም ለዓለም ያሳወቀው ሰው ዕጩ መምህር ነበር ማለት ነው፤ ለጥቂት ጊዜም ዲዦን በሚባል ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ፊዚክስ አስተምሯል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራውን የሳይንስ መምህራኖቻችን በክፍል ስለሚነግሩን ፈጠን ብለን እንለፈው። በ1848 የታርታሪክ አሲድን ክሪስታሎች በማይክሮስኮፕ እያየ በመልቀሚያ ከሁለት ለያቸው፤ አንደኛው ዓይነት የሌላው የመስተዋት ምስል ሆኖ ተገኘ። በ1849 ስትራስቡር ላይ ማሪ ሎራንን አገባ። በ1854 ሊል በሚባል የፋብሪካ ከተማ የፋኩልቲ ዲን ሆነ፤ እዚያም ስለ መፍላትና ስለ እርሾ ማጥናት ያዘ። ጠላና ጠጅ የሚፈላው፣ ወተትም የሚኮመጥጠው በሕያዋን ጥቃቅን ነገሮች ሥራ መሆኑን የዓለም ሳይንስ በሚገባ የተቀበለው ከዚህ በኋላ ነው። ከ1865 ጀምሮም የሐር ትሎችን በሽታ ለማጥናት ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ወረደ። ስለ ሐር ትል አንዳች ሳያውቅ ነበር የሄደው።

በ1857 ደግሞ ወደ ተማረበት ማሠልጠኛ የሳይንስ ጥናት ኃላፊ ሆኖ ተመልሷል። እውነቱን መናገር ካስፈለገ በአስተዳዳሪነቱ የሚወደድ ሰው አልነበረም። ደረቅ ነበር። በምግብ፣ በሲጃራ፣ በመውጫና መግቢያ ሰዓት ከተማሪዎቹ ጋር ሲጋጭ ኖረ፤ በመጨረሻም በ1867 ተማሪዎቹ አምፀው እርሱ ከአስተዳደሩ ለቀቀ። ሳይንቲስት ሁሉ ጥሩ ዲሬክተር ይሆናል የሚል ሕግ የለም።

በቤቱ የደረሰበትን ስናነብ ግን ቅያሜው ይለሰልሳል። ከአምስት ልጆቹ ሦስቱ ሞተውበታል። የመጀመሪያ ልጁ ዣን በ1859 በታይፎይድ ሞተች። ካሚይ የምትባለው ትንሿ በ1865፣ ሴሲል የምትባለው ደግሞ በ1866 በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ እርሷም በታይፎይድ። ከዚያ በ1868፣ ገና በ45 ዓመቱ፣ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። ከአልጋው ይነሣል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው። እርሱ ግን ተነሣ፤ በአንድ እግሩ እያነከሰ፣ ግራ እጁ እንደ ልብ ሳይታዘዝለት ለብዙ ዓመታት ሠራ። የምንደነቅባቸው ክትባቶች በሙሉ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው።

በ1879 የዶሮ ኮሌራን ሲያጠና፣ የቆየና የደከመ ጀርም የተወጉ ዶሮዎች ታመው ሲድኑ፣ ኋላም ኃይለኛው ጀርም ሲሰጣቸው ሳይሞቱ ሲቀሩ አየ። ነገሩን ወደ አባ ሰንጋ አሻገረው። አባ ሰንጋ ገበሬዎቻችን በስሙ የሚያውቁት የከብት ገዳይ ነው። በ1881 ፑዪ ለ ፎር በሚባል መንደር፣ ሰው ሁሉ እያየ 24 በጎችንና አንዲት ፍየል ከተበ፤ ሌሎች 24 በጎችንና አንዲት ፍየል ሳይከትብ ተወ። ጥቂት ላሞችም ነበሩበት። ከዚያ ለሁሉም ገዳዩን ጀርም ሰጣቸው። ጁን 2 ቀን ሰዉ ሲሰበሰብ ያልተከተቡት በጎች ሞተው ወይም እያጣጣሩ ተገኙ፤ የተከተቡት ሣር ይግጣሉ። እንግዲህ ፓስተር ከዚህ በላይ ምን ዝና ይፈልግ ነበር? አርፎ ቢቀመጥ ማንም አይወቅሰውም ነበር።

እርሱ ግን በ1880 መጨረሻ ላይ ወደ እብድ ውሻ በሽታ ዞሮ ነበር። ብዙዎች ለምን ብለው ይጠይቃሉ። በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ሳንባ ነቀርሳና ታይፎይድ ከእብድ ውሻ በሽታ ይልቅ እጅግ ብዙ ሰው ይገድሉ ነበር። አንዳንዶቹ የአርቧው ተኩላ ትዝታ ነው ይላሉ። ይህ በእርግጥ የልብ ነገር ስለሆነ ማረጋገጥ አይቻልም። እኛን ይበልጥ አሳማኝ የሚመስለን ግን ይህ ነው፤ በሽታው ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በመሆኑ በውሻና በጥንቸል ላይ ሊሞከር ይችላል፤ ደግሞም አንድ ጊዜ ምልክቱ ከታየ የማይቀር ሞት ስለሆነ፣ በሽታውን ያሸነፈ ሰው ማሸነፉን ማንም ሊክደው አይችልም።

እስቲ በሽታው እንዴት እንደሚሠራ እንይ፤ ይህን ካላወቅን የፓስተር ብልሃት አይገባንም። ቫይረሱ ያለው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ነው። ሲነክስ ወደ ሥጋ ይገባል። ከዚያ በደም ሳይሆን በነርቭ ተከትሎ፣ ቀስ እያለ፣ ወደ አንጎል ይጓዛል። እግሩን የተነከሰ ሰው መንገዱ ረጅም ነው፤ ፊቱን የተነከሰ ግን አጭር። በዚህም ምክንያት ምልክቱ ሳይታይ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። አንጎል ሲደርስ ጠባይ ይለውጣል፤ ጉሮሮን ይይዛል፤ ውኃ ማየት ያስፈራል። ከአንጎል ተመልሶ ወደ ምራቅ ዕጢ ይወርድና ሌላ የሚነከስ ይጠብቃል። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው እንደ ውሻ ይጮኻል እየተባለ በየመንደራችን የሚወራው ከጉሮሮው መታነቅ የመጣ ይመስለናል።

ፓስተርና ረዳቶቹ ችግር የገጠማቸው እዚህ ላይ ነው። ጀርሙን በማይክሮስኮፕ ቢፈልጉት የለም። በሾርባ ሊያሳድጉት ቢሞክሩ አያድግም። ለምን ቢባል ቫይረስ በዚያን ዘመን ማይክሮስኮፕ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ከሕያው አካል ውጭም አይራባም። እነርሱ ግን ቫይረስ ምን እንደሆነ አያውቁም። በማያዩት ጠላት ላይ ነው የዘመቱት። ኤሚል ሩ የሚባለው ረዳቱ ከታመመ እንስሳ አንጎል ወስዶ በቀጥታ ወደ ሌላው እንስሳ አንጎል የሚያስገባበትን መንገድ አገኘ። ፓስተር የውሻ ራስ ቅል ሲበሳ ማየት አይችልም ነበር ይባላል፤ ሩ ሥራውን ያለ እርሱ ነው የጀመረው። ከጥንቸል ወደ ጥንቸል ደጋግመው ሲያሳልፉት በሽታው የሚገለጥበት ጊዜ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ወደ አንድ ሳምንት ግድም ላይ ረጋ። ከዚያ የሞተውን ጥንቸል ህብለ ሰረሰር አውጥተው፣ እርጥበት የሚመጥ ኬሚካል ባለበት ጠርሙስ ውስጥ በክር አንጠለጠሉት። በደረቀ ቁጥር ኃይሉ ይደክማል። ለሁለት ሳምንት ያህል የደረቀው ምንም አያደርግም፤ የአንድ ቀኑ ገዳይ ነው። ውሻውን ከደካማው ጀምሮ በየቀኑ ከፍ እያደረጉ ሲወጉት በሽታውን የሚቋቋም ሆነ።

ፓስተር በመጀመሪያ ያሰበው ውሾችን ሁሉ ለመከተብ ነበር። ውሻው ካልታመመ ሰው አይታመምም፤ ተኩላውም አይታመምም። ይሁንና በዚያን ጊዜ በነበረው ዘዴ እያንዳንዱን ውሻ ብዙ ቀን መውጋት ስለሚያስፈልግ የማይቻል ሆነ። ስለዚህ ሐሳቡን ገለበጠው። ቫይረሱ በነርቭ እያዘገመ ሳምንታት የሚወስድ ከሆነ፣ ክትባቱ ቀድሞት አንጎል በር ላይ ለምን አይደርስም? ከተነከሱ በኋላ መከተብ ማለት ነው። እንግዲህ ዘዴው ሁሉ እሽቅድምድም ነው።

ጁላይ 6 ቀን 1885 ዦዜፍ ማይስተር የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከአልዛስ ከእናቱ ጋር ፓሪስ ደረሰ። ከሁለት ቀን በፊት ያበደ ውሻ 14 ቦታ ነክሶታል። ፓስተር ሐኪም አልነበረም፤ ሰው የመውጋት ፈቃድ የለውም። በዚህ ላይ ሩ፣ ያ በዘዴው ላይ የደከመው ሩ፣ ለሰው ገና አልደረሰም ብሎ ከነገሩ ወጣ። መርፌውን የያዘው ግራንሼ የሚባል ሐኪም ነው። በአሥር ቀናት ውስጥ 13 ጊዜ ተወጋ። መርፌው እየጠነከረ በሄደ ቁጥር ልጁ ግቢው ውስጥ ከጥንቸሎቹ ጋር እየተጫወተ፣ ፓስተር ግን እንቅልፍ አጥቶ ይገለባበጥ ነበር። የመጨረሻው መርፌ በራሱ የሚገድል ነበር። ልጁ ዳነ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከአርቧ ብዙም ከማይርቅ ቪሌ ፋርሌ ከሚባል መንደር ሌላ ልጅ መጣ። ዣን ባቲስት ዡፒይ ይባላል፤ የ15 ዓመት እረኛ ነው። ያበደ ውሻ ትንንሾቹን እረኞች ሊነክስ ሲመጣ እርሱ ፊት ለፊት ገጥሞ፣ እጁን እየነከሰው አፉን በጅራፉ ጠፍሮ፣ በእንጨት ጫማው ቀጥቅጦ ገደለው። ስድስት ቀን አልፎት ነበር ፓሪስ የደረሰው። እርሱም ዳነ። ሉዊዝ ፔለቲየ የምትባለው የአሥር ዓመት ልጅ ግን በተነከሰች በ37ኛው ቀን ነው የመጣችው፤ ያውም ራሷን ተነክሳ። ፓስተር ጊዜው እንዳለፈ ያውቃል። ብትሞት ጠላቶቹ ክትባቱ ገደላት እንደሚሉም ያውቃል። የእናትና አባቷን ልመና እንቢ ማለት ግን አልሆነለትም። ዲሴምበር ላይ ሞተች፤ አልጋዋ አጠገብ ነበር። ሦስት ልጆች የቀበረ ሰው መሆኑን እዚህ ላይ አስታውሱ።

ማርች 1886 ላይ ደግሞ ተኩላው እንደገና መጣ። በዚህ ጊዜ ከሩሲያ፣ ከስሞለንስክ አገር ነው። አንድ ያበደ ተኩላ የነከሳቸው 19 ሩሲያውያን ረጅሙን መንገድ በባቡር ተጉዘው ፓሪስ ገቡ። ብዙዎቹ ክፉኛ ቆስለዋል። የተኩላ ንክሻ ከውሻ ንክሻ ይብሳል፤ ጥልቅ ነው፤ ብዙ ጊዜም ፊትና ራስ ላይ ነው፤ መንገዱ አጭር ነው ማለት ነው። ከተኩላ ንክሻ በኋላ አብዛኛው ሰው እንደሚሞት የታወቀ ነበር። ፓስተር መርፌውን በቀን ሁለት ጊዜ አደረገው። ሦስቱ ሞቱ፤ 16ቱ በሕይወት ወደ አገራቸው ተመለሱ። የሩሲያ ንጉሥ ለሥራው 100,000 ፍራንክ ሰጠ። ከብዙ አገር በተዋጣ ገንዘብም ፓስተር ኢንስቲትዩት ኖቬምበር 14 ቀን 1888 ፓሪስ ላይ ተመረቀ።

እዚህ ላይ ፓስተርን እንደ ቅዱስ አድርገን ብቻ እንዳናልፈው አንድ ነገር እንጨምር። የላቦራቶሪ ማስታወሻ ደብተሮቹን ለማንም እንዳያሳዩ ቤተሰቡን አደራ ብሎ ነበር። በ1964 ግን የልጅ ልጁ ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሰጣቸው። ተመራማሪዎች ሲያነቧቸው፣ በማይስተር ላይ የሠራበት ዘዴ በውሾች ላይ በአደባባይ እንዳለው ያህል ተፈትኖ ያላለቀ መሆኑን አገኙ። የሩ እንቢታ ከሜዳ የመጣ አልነበረም ማለት ነው። በመካከላችን በዚህ ጉዳይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን ልጁ እንደሆነ ያለ መርፌው መሞቱ ነው ስንል፣ ሌሎቻችን ደግሞ ያበደ ውሻ የነከሰው ሁሉ አይታመምም፣ ስለዚህ ልጁ ባይወጋም ሊተርፍ ይችል ነበር፣ መርፌው ራሱ ደግሞ ሊገድለው ይችል ነበር አልን። ክርክሩ አላለቀም። የሳይንስ መምህራኖቻችን ቢያግዙን ደስ ይለናል።

አሁን ወደ ተኩላው እንመለስ። ፓስተር ያላየው ቫይረስ ምን እንደሆነ ለማወቅ መንገዱን የከፈተው ከራሱ ላቦራቶሪ የወጣ ዕቃ ነው። ሻምበርላን የሚባል ረዳቱ በ1884 ባክቴሪያን የሚያስቀር የሸክላ ማጣሪያ ሠራ። በ1892 ኢቫኖቭስኪ የሚባል ሩሲያዊ የታመመ የትንባሆ ቅጠል ጭማቂ በዚያ ማጣሪያ ቢያሳልፍ በሽታው አብሮ አለፈ። ከባክቴሪያ ያነሰ ነገር እንዳለ የታወቀው እንዲህ ነው። በ1903 ሬምሌንዤ የእብድ ውሻ በሽታም በማጣሪያ እንደሚያልፍ አሳየ። በ1905 ደግሞ አንሪ ካሬ የሚባል ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም፣ ዲስቴምፐር የሚባለውን ቡችላዎችን በሳል፣ በተቅማጥና በመንቀጥቀጥ የሚጨርስ በሽታ የሚያመጣው እንዲሁ በማጣሪያ የሚያልፍ ነገር መሆኑን አገኘ። ሁለቱ በሽታዎች፣ ማለት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር፣ ከቤት ውሻ እየወጡ የዱር ሥጋ በሎችን የሚፈጁ ሆነዋል። በ1994 በታንዛንያ ሴሬንጌቲ 1,000 ያህል አንበሶች፣ ከጠቅላላው ሲሦው ማለት ነው፣ በዲስቴምፐር አለቁ። በዙሪያው ባሉ መንደሮች ክትባት ያላገኙ ውሾች በሺህ ይቆጠሩ ነበር። አንበሳን የሚያህል በውሻ ሳል ሲሞት!

በእኛም አገር ያለው ነገር ከዚህ ይብሳል እንጂ አያንስም። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም የለም። ከአዋቂዎቹ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች፣ ሳነቲና ወብ ሸለቆ አካባቢ ይኖራሉ። ቀን ቀን ለየብቻቸው ፍልፈልና አይጥ ያድናሉ፤ ማለዳና ማታ ግን ተሰብስበው አፍ ለአፍ እየተሻሹ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ አብረውም ያድራሉ። ፍቅራቸው ነው የሚጎዳቸው። አንዱ በሽታ ካመጣ መንጋው ሁሉ ይታመማል። በሽታውን የሚያመጣው ደግሞ ከብት አርቢዎች ይዘው የሚወጡት ውሻ ነው። ውሻውና ቀበሮው በሞተ ከብት ላይ ይገናኛሉ። በ1991 እና 1992፣ እንደገናም በ2003 እና 2004 የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ገብቶ በደረሰባቸው ሸለቆዎች ከአራት ቀበሮ ሦስቱን ያህል ገደለ። በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስቴምፐር መጣ። በሽታው የቀበሮዎቹ ቁጥር ጥቂት በመሆኑ በእነርሱ መካከል ብቻውን ብዙ አይቆይም፤ ከውሾች ግን እየተመላለሰ ይመጣል።

የፓስተር ሥራ ወደ ባሌ የደረሰው በስዊስ አገር በኩል ነው ማለት ይቻላል። አውሮፓ ውስጥ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ በቀበሮዎች መካከል ተስፋፍቶ በ1968 ፈረንሳይ ደረሰ። ቀበሮ ይዞ መውጋት አይቻልም፤ በጥይት መፍጀቱም በሽታውን አላቆመውም። በ1978 የስዊስ ባለሙያዎች በዶሮ ጭንቅላት ውስጥ የሚዋጥ ክትባት ደብቀው በሸለቆ በተኑ። ቀበሮው በላ፤ ተከተበ። ዘዴው ተሻሽሎ በየአገሩ ሲሠራበት የፓስተር አገር ፈረንሳይ በ2001 ከቀበሮ የእብድ ውሻ በሽታ ነፃ ሆነች። በባሌም በ2003 እና 2004 ወረርሽኝ ጊዜ 70 ያህል ቀይ ቀበሮዎች ተይዘው በመርፌ ተከተቡ፤ በሽታው ከሸለቆ ወደ ሸለቆ በሚሻገርባቸው ጠባብ መተላለፊያዎች ላይ ያሉት ተመርጠው ነው። በኋላም ምን ዓይነት ሥጋ እንደሚወዱ ሲሞከር የፍየል ሥጋ ሆነ። ከ2018 ጀምሮ በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደበቀ የሚዋጥ ክትባት ይሰጣቸው ጀመር። ውሾቹም በየመንደሩ ይከተባሉ። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ፓስተር መጀመሪያ ያሰበው፣ ግን በዘመኑ ዘዴ ያቃተው ነገር ይኸው ነው።

ነገሩ እኛን የሚነካበት ሌላም ምክንያት አለ። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ ይሞታሉ ተብለው ከሚገመቱት 59,000 ያህል ሰዎች 99 በመቶው በሽታውን የሚይዙት ከውሻ ነው፤ ብዙዎቹም ልጆች ናቸው። የምንመደበው ገጠር ነው። ልጆቹ ሲመጡ ውሾቻቸው እስከ ክፍሉ በር ይከተሏቸዋል። የተነከሰ ልጅ ቢኖር ቁስሉ ወዲያው በብዙ ውኃና ሳሙና 15 ደቂቃ ያህል መታጠብ አለበት፤ ሳሙና ይህን ቫይረስ ያጠፋዋል። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ክትባት ወዳለበት ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ውሻው እስኪሞት እንጠብቅ፣ ወይም ቅጠል እንሞክር የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። በአክብሮት ማስረዳት የእኛ ፈንታ ነው፤ ልጁ ግን በዚያ መካከል መንገድ መጀመር አለበት። የዛሬው ክትባት በሆድ ላይ የሚወጋው የድሮው አይደለም፤ ክንድ ላይ የሚሰጥ ጥቂት መርፌ ነው።

ፓስተር ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 ውሾቹን ያኖርበት በነበረው ከፓሪስ ወጣ ያለ ግቢ ውስጥ ሞተ። አስከሬኑ በ1896 ኢንስቲትዩቱ ምድር ቤት ውስጥ በተሠራለት መቃብር አረፈ። የመቃብሩ ጣሪያና ግድግዳ በቀለማት ጠጠር ያጌጠ ሲሆን፣ ሥዕሎቹ በጎች፣ ውሾች፣ ጥንቸሎችና የሐር ትል የሚበላው ቅጠል ናቸው። ያ 14 ቦታ የተነከሰው ልጅ ዦዜፍ ማይስተር አድጎ የኢንስቲትዩቱ ዘበኛ ሆነ፤ በ1940 እስኪሞትም በዚያው ኖረ። በግቢው ውስጥ የእረኛው የዡፒይ ሐውልት ቆሟል፤ ውሻውን አንቆ ሲታገል።